ስንት ናችሁ? አየሩስ?

ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ትራንስፎርመር እንዲተከልልን ለመጠየቅ ከሚሞሉት ወረቀቶች አንዱ። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ግማሹ ፊደል ደብዝዟል። የሰፈሩን ስም፣ የተወካዮቹን ስምና ፊርማ፣ የቤቶቹን ዓይነት ሞላሁና ተራ ቁጥር 6 እና 7 ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አንዱ «የነዋሪ ብዛት» ይላል። ሌላው «የአየር ጠባይ»። ለእያንዳንዳቸው የጣት ርዝመት የምታክል የነጠብጣብ መስመር ተሰጥቷቸዋል።

የአየር ጠባያችን ለትራንስፎርመር ምን እንደሚፈይድ ቢሮ ያለችውን ልጅ ጠየቅኳት። «ቅጹ ላይ ስላለ ነው» አለችኝ። ሌላ ምን ትበል!

የምኖረው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ነው። ከአቃቂ ወደ ደቡብ ምዕራብ ገባ ብሎ፣ ባጃጅ በበጋ በር ድረስ የሚያደርስበት፣ በክረምት ግን ሹፌሩ ገና ከሩቅ «እዚህ ጋ ውረዱልኝ» የሚልበት ሰፈር ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ሐይቅ እንበለው እንጂ ተፈጥሮ የሠራችው አይደለም፤ የአቃቂ ወንዝ ተገድቦ የተኛ ውሃ ነው። ግድቡ ከአውሮፓውያኑ 1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዝ መብራት ያወጣችው እዚሁ ነው ይባላል። 6.6 ሜጋ ዋት ነበር አቅሙ። ማመንጫው ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ ከኖረ በኋላ በቻይና ርዳታ ታድሶ እንደገና ተነሣ። እንግዲህ ትራንስፎርመር የምንለምነው የኢትዮጵያ የውሃ መብራት በተጀመረበት ውሃ ዳር ተቀምጠን ነው። ማታ ሁሉም ቤት ምጣዱን ሲሰካ አምፖላችን ከሻማ ያንሳል፤ እንጀራ የሚጋገረው በተራ ነው፣ ተራው ደግሞ ያጣላል።

ቅጹን የምሞላው የዕድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ «የእሷ ጽሑፍ ይነበባል» ተብሎ ነው የተመረጥኩት። ካዛንቺስ ኪራይ ሲያንገፈግፈኝ ወደዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እንዲያም ሆኖ እዚህ ተወልደው ላረጁት እማማ አሁንም «እንግዳዋ» ነኝ።

ቁጥር 6 ቀላል መስሎኝ ነበር። የዕድሩ መዝገብ እኔ ቤት ነው፤ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ። ስም ቆጥሬ እጽፋለሁ አልኩ። ሁለት ገጽ ሳልገልጥ ነው ነገሩ የገባኝ። የዕድር መዝገብ ሰው አይቆጥርም፣ ቤት ነው የሚቆጥረው። ያውም መዋጮ የሚከፍል ቤት። በአንዱ ስም ሥር ዘጠኝ ነፍስ አለ፤ በሌላው ሥር አንዲት ባልቴትና ድመታቸው። ተከራይ የለበትም። ለቀን ሥራ ከገጠር መጥተው በአንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ስድስት ሆነው የሚያድሩት ልጆች የሉበትም። የሞተ ሰው ግን አለበት። ባል ሲሞት ሚስት በሱ ስም መክፈሏን ትቀጥላለች፤ እኛም ስሙ ላይ መስመር ለማስመር እጃችን አይታዘዝም። በየወሩ መጨረሻ እሑድ ስም ስጠራ «አቤት» የሚልላቸው ሌላ ሰው የሆኑ ስንት አሉ!

መንግሥትም ከእኛ አይሻልም። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይደረጋል ይላል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ተቆጠርን። አራተኛው በ2010 ነው ሲባል ተገፋ፤ 2011 ነው ሲባል ደግሞ ተገፋ። በ1976ቱ ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ ወደ 2.7 ሚሊዮን ደረሰች። በ23 ዓመት እጥፍ ልትሆን ጥቂት ነው የቀራት። ከዚያ ወዲህ የሚነገረን ቁጥር ሁሉ ከዚያ ላይ ተነሥቶ የተሰላ ነው። ያኔ ደግሞ እኔ አሁን ቡና የማፈላበት መሬት የሽምብራ ማሳ ነበር።

ይህን ክፍል ውስጥ ሳስረዳ አንድ የኋላ ወንበር ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ከ1999 በኋላ የተወለደ ሰው አልተቆጠረም ማለት ነው?» አዎ አልኩት። ዞር ብሎ ክፍሉን አየ። ሁሉም ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው። «እንግዲህ ማንም የለም በላ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቤት ለቤት ለመዞር ተነሣሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መዞር እኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። ብዙዎቹ ቤቶች ጨረቃ ቤት ናቸው፤ አንዳንዱ ቃል በቃል በጨረቃ የቆመ፣ ሲመሽ ማገር ሲነጋ ቆርቆሮ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብተር የያዙ ሰዎች መጥተው ቤቶቹን ቆጥረው ሄዱ። ቀጥሎ የመጡት ቀይ ቀለም ይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ነው የሰፈሩን ስም የማልጽፈው፤ ቁጥሩንም እዚህ አላሰፍረውም።

ያንኳኳሁበት የመጀመሪያው በር ላይ አንድ ጋሼ ከፈቱልኝ። ስንት ናችሁ ብል፣ «ለምን ፈልገሽው ነው?» አሉኝ።

«ለትራንስፎርመር ነው ጋሼ።»

«ለዘይትና ለስኳር ነው ካልሽኝ ስምንት ነን። ለፈረሳ ከሆነ ማንም የለም። ለትራንስፎርመር…» አሰቡ። «ለትራንስፎርመር ስንት ብንሆን ይሻላል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሕዝብ ብዛት የሚወጣ ማንኛውንም ቁጥር ሳይ እኚህ ሰው ትዝ ይሉኛል። መልሳቸው ማጭበርበር አይደለም። ሰው የሚመልሰው የሚቆጥረው ማን እንደሆነ አይቶ ነው።

እማማ ደግሞ ጭራሽ አልተቆጠሩልኝም። «ሰው እንደ በግ አይቆጠርም፣ ልጄ። ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን መጣበት?» አሉኝ። ቸነፈር ነው የመጣው፤ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24፣ ሰባ ሺህ ሰው። አባ ሳሙኤል ዳር ተቀምጠው መጽሐፈ ሳሙኤልን ሲጠቅሱብኝ ምን ልመልስ? ልጆቻቸውን ግን ቆጠሩልኝ። የሞቱትን ጨምረው።

ወሰኑም ሌላ ጣጣ ነው። የሐይቁ አንዱ ዳር አዲስ አበባ፣ ሌላው ዳር ኦሮሚያ ሲባል ኖሯል። በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ሲመሠረት በዙሪያችን ያሉት ከተሞች በአንድ ስም ተጠቃለሉ፤ መዝገብም ማኅተምም ተለወጠ። ከመሃል አዲስ አበባ በልማት የተነሡ ሰዎች ደግሞ በገላን በኩል ወደ ደቡብ እየተገፉ መጡ። አንዳንዱ እኛ ዘንድ በዘመድ በኩል አንድ ክፍል ይዞ ይከርምና የደረሰው ቤት ሲዘጋጅ ይሄዳል። እሱን የት ልጻፈው? ጠዋት አቃቂ ታክሲ ተራ፣ ማታ እኛ ጋ፣ መታወቂያው ላይ የፈረሰ ቀበሌ።

ቁጥር 6ን ትቼ ወደ ቁጥር 7 ሄድኩ።

ስልኬ ስለ አየር ሁሌ ያወራል። «አዲስ አበባ፣ ዝናባማ» ይላል፤ እኔ በር ላይ አቧራ ይዞረኛል። ሲለካ የኖረው ቦሌ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያው። እኛ ደግሞ ከዚያ በጣም ዝቅ ብለን ነው ያለነው። እንጦጦ አናቱ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ ሐይቁ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ብቻ ነው የሚያልፈው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ታዲያ በአንድ ከተማ ስም በሚጠሩ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መሃል ስድስት ሰባት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። እንጦጦ ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ ሲቀመጥ እኛ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ እንለዋወጣለን። እነሱ ደጋ፣ እኛ ወይና ደጋ፤ ስልኩ ግን ለሁላችንም አንድ ደመና ሥሎ ይልክልናል።

ለክፍል ተማሪዎቼ የአየር ጠባይ ሳስተምር በጋ፣ በልግ፣ ክረምት ብዬ ነው። ልክ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን የዓመቱን ዝናብ ግማሽ ያህል ያወርዱታል። እዚህ ስትኖሩ ግን የአንድ ቀን የሙቀት ልዩነት ከዓመቱ ልዩነት ይበልጣል። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ከ10 በታች። በሐምሌና በመጋቢት መሃል ያን ያህል ልዩነት የለም። ልጆቼ ጠዋት ሹራብ ለብሰው ይሄዳሉ፣ ማታ ሹራቡን ትምህርት ቤት ረስተው ይመጣሉ። ጠፍቶ የቀረውን ሹራብ የሚቆጥር ቅጽ ቢኖር ሳላመነታ ነበር የምሞላው።

ቅዝቃዜ እንደ ውሃ ቁልቁል እንደሚፈስ ያየሁት እዚህ ነው። ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ይህ ልማድ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ የመጣ ነው፤ ፈረንጆቹ የስፔን ጉንፋን ያሉት። ያን ምሽት ወደ ሐይቁ ወጥታችሁ ብትቆሙ ጭሱ ወደ ሰማይ አይወጣም። በሰማይ ደመና ከሌለ መሬት ሙቀቷን ቶሎ ትለቃለች፤ ከላይ ያለው አየር ሞቅ እንዳለ ይቆይና ከታች ያለውን ቀዝቃዛ አየር እንደ ምጣድ አክንባሎ ይከድነዋል። ጭሱ ያንን ክዳን መትቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከዚያ ተንሸራቶ ሸለቆውን ይዞ ወደ እኛ ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ላይ የተኛውን ከሩቅ የሚያይ ሰው ጉም ነው ይላል። አፍንጫ ያለው ግን ያውቃል።

አፍንጫ ካነሣሁ አይቀር፣ የሽታ ካላንደራችንን ላስተዋውቃችሁ፤ ከሜትሮሎጂ የበለጠ ይታመናል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ሁለቱም ከተማውን አቋርጠው የሚገናኙት እዚህ ነው። በላይ በኩል የትንሹ አቃቂ መነሻ ላይ ገፈርሳ አለ፣ በትልቁ አቃቂ በኩል ለገዳዲና ድሬ። ከተማዋ ከእነዚህ ግድቦች ትጠጣለች። እንግዲህ በራስጌዋ ጠጥታ በግርጌዋ ታፈሳለች፤ ግርጌዋ ደግሞ እኛ ነን። የቆዳ ፋብሪካው፣ የጨርቃ ጨርቁ፣ የጋራዡ፣ የሽንት ቤቱ ሁሉ እጣቢ መጨረሻው ይህ ውሃ ነው። በክረምት ዝናቡ ስለሚያቀጥነው ሽታው ይተነፍሳል፤ ለገዳዲ ሞልቶ ውሃ ሲለቀቅ ደግሞ «ወንዝ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ» ይባላል። ጥቅምት ላይ ሽታው ገና እንግዳ ነው። የካቲት ላይ ቤተኛ ይሆናል። ግንቦት ላይ፣ በልጉ ከቀረ፣ የቤቱ ጌታ እሱ ነው፤ ሠርግ በግንቦት የሚደግስ ሰው እኛ ሰፈር የለም።

ከሁሉ የሚገርመው ከዚሁ ሜዳ ሥር ያለው ውሃ ንጹሕ መሆኑ ነው። የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ ውሃ ይልካሉ። ላይ ላዩን ወደ እኛ የሚመጣው ሌላ፣ ከሥራችን ወደ እነሱ የሚሄደው ሌላ።

ይህ የከተማ እጣቢ የሚቀልበው አለ፤ እምቦጭ። በጣና ምክንያት አገር ሁሉ ስሙን ከማወቁ በፊት በአዋሽ ተፋሰስ ነበረ፤ በአውሮፓውያኑ 1965 ቆቃና አዋሽ ላይ መታየቱ ተመዝግቧል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይወዳል፣ እነዚህ ደግሞ ከፍሳሹ ጋር በነጻ ይመጡለታል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። አዲስ አበባ 23 ዓመት የፈጀባትን ማለቴ ነው። አንዳንድ ጠዋት ሐይቁ የለም፤ አረንጓዴ ሜዳ ነው ያለው፣ ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ። እንግዳ የመጣባቸው ሰዎች «እንዴት ያምራል!» ሲባሉ ዝም ማለት ለምደዋል።

ቢምቢውም የዚሁ ዕዳ ነው። ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ እምብዛም አይወጣም ተብሎ ነው የተማርነው። እኛ መስመሩ ላይ ነን፣ ትንሽ ከፍ ብለን። አየሩ ትንሽ በሞቀ ቁጥር ያ መስመር ወደ ላይ ይወጣል እኮ። ድሮ አጎበር የሚባል ነገር እዚህ ሰው አያውቅም ነበር ይላሉ እማማ። አሁን እኔም አለኝ።

ክፉ ክፉውን ብቻ ያወራሁ መሰለኝ። መሬቱ መረሬ ነው፤ በክረምት ከጫማ ላይ አይወርድም፣ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ቁመታችሁ ይጨምራል። በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ግድግዳችንም አብሮ ይሰነጠቃል። ያው መረሬ ግን ውሃ ይይዛል። መስከረም ዝናቡ ሲያበቃ ገበሬው ሽምብራና ጓያ የሚዘራው በዚያ እርጥበት ተማምኖ ነው። አንድ ጠብታ ሳይወርድበት ከሥሩ በቀረው ርጥበት፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛ ቀማምሶ ያድጋል። ታኅሣሥ ላይ እሸቱን ከነሐረጉ ይዘው መንገድ ዳር ሲሸጡ የሐይቁን ሽታ እረሳዋለሁ። ከጎረቤት ገበሬዎች አንዱ፣ አማርኛቸው በኦሮምኛ ለዛ የሚጣፍጥ ኦቦ፣ «ሽምብራ እንደ ሰፈርሽ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፤ «ማንም ውሃ ሳያጠጣው ይበዛል።»

በዚያው ሰሞን ወፎቹ ይመጣሉ። ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ግራጫዎች፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው። ቀን ከአዝመራ የቀረውን ሲለቅሙ ይውሉና ሲመሽ እየጮኹ ወደ ውሃው ይመለሳሉ። አቃቂና አባ ሳሙኤል በዓለም ዘንድ ለወፎች አስፈላጊ ከሚባሉ ቦታዎች አንዱ ነው። ጥር ላይ መነጽር የያዙ ሰዎች መጥተው ይቆጥሯቸዋል፤ የውሃ ወፍ ቆጠራ በአፍሪካ በየዓመቱ ጥር ላይ ነው የሚደረገው። አንድ ዓመት አንደኛውን ቡና አጠጥቼው «እኛንስ?» አልኩት። ሳቀ። እንግዳ ወፍ በዓመት በዓመት እየተቆጠረ ባለቤቱ ከ1999 ወዲህ አለመቆጠሩ አያስቅም አይባልም።

ቁጥር 7 ላይ ይህን ሁሉ የት ልጻፈው? «ወይና ደጋ» ብዬ ጻፍኩ። መስመሩ ለሁለት ቃል ልክ ነበር።

ለቁጥር 6 ደግሞ መዝገቡን እንደገና ከፈትኩ። እያንዳንዱን ቤት በማውቀው አሰላሁት፤ ልጆቹን ስለማስተምራቸው፣ ለቅሶ ላይ ስንት ወንበር እንደሚያልቅ ስለማውቅ፣ በየቤቱ ስንት ማዳበሪያ ጤፍ እንደሚገባ በዓይኔ ስለማየው። ተከራዮቹን ጨመርኩ። የቀን ሠራተኞቹን ጨመርኩ። እማማን ሳይሰሙ ቆጠርኳቸው፤ ይቅር ይበሉኝ። የሞቱትን ቀነስኩ፤ እነሱ ላይ ስደርስ ነው የዘገየሁት። የወጣውን ቁጥር በእርሳስ ጻፍኩት።

ቢሮ ስደርስ ያቺው ልጅ ቅጹን አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። «በእርሳስ አይሆንም።»

«ሊለወጥ ይችላል ብዬ ነው።»

«በእስክሪብቶ ካልሆነ አንቀበልም፣ እትዬ።»

ከራሷ እስክሪብቶ ተቀብዬ ደገምኩት። ማኅተም አረፈበት። ከመረሬው ጋር እየታገልኩ ስመለስ፣ ባጃጅ የሚቆምበት ጋ አንድ አይሱዙ ጎማው ተውጦ ቆሟል። ላዩ ላይ ፍራሽ፣ ቁም ሳጥን፣ ሁለት የፕላስቲክ በርሜል፣ ከኋላ በገመድ የታሰረ የብረት አልጋ። ጋቢና ውስጥ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋለች፤ ከመሃላቸው ሌላ ሕፃን፣ ከጭነቱ ላይ ሁለት ልጆች እግራቸውን አንጠልጥለዋል። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «እህቴ፣ ወደ ሐይቁ የሚወስደው በየት በኩል ነው?» አለኝ።

በእጄ አሳየሁት።